የዓርብ ሊጥ

ለብ ባለ ወተት ላይ የዳቦ እርሾ ሲነሰነስ የሚመጣውን ሽታ ታውቁት እንደሆነ እንጃ። መጀመሪያ ምንም የለውም። ጥቂት ቆይቶ ከጎድጓዳው ሳህን አፍ ላይ ጠላም ያልሆነ፣ ዳቦም ያልሆነ፣ በሁለቱ መሀል የቆመ ነገር ብቅ ይላል። ባለፈው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ያ ሽታ ወጥ ቤቴን ሲሞላው፣ የሰው ልጅ የማስተምር ትልቅ ሴት መሆኔ ቀርቶ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆንኩ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስሆን ደግሞ ሥራዬ አንድ ነው፤ መቅናት።

በማን ትሉኝ ይሆናል። በዓይኔ አይቻት በማላውቅ ልጅ ነዋ። ስሟን አልነግራችሁም፤ ያኔም በአፌ አልጠራሁትም፣ ዛሬ የምጀምርበት ምክንያት የለኝም። "ያቺ ልጅ" ልበላት።

እናቴ ወደ ኩዌት ስትሄድ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ገና ጡት ሳልጥል ስለሞተ፣ እዚሁ ሰቆጣ አክስቴ፣ የአባቴ እኅት፣ ዘንድ ቀረሁ። አክስቴ ማር ነጋዴ ነበረች። ቤታችን ክረምት ከበጋ ሰም ሰም ይሸታል። ከአምደወርቅ በኩል ማር ይዘው ከሚመጡት ገበሬዎች ጋር በኽምጠኛ ትከራከራለች፤ እነሱን ሸኝታ ስትመለስ እኔን በአማርኛ ትቆጣለች። ክፉ አልነበረችም። ግን ለልጅ የሚሆን ትርፍ ጊዜ አልነበራትም።

ከእናቴ የቀረኝ ትዝታ አንድ ብቻ ነበር፤ እንጎቻ። እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ፣ ከእቃው ሥር ተጠራርጎ የሚቀረውን፣ ሙሉ እንጀራ የማይወጣውን ሊጥ፣ መዳፍ የምታህል አድርጋ ታወጣልኝ ነበር። እንጎቻ የቤተሰብ አይደለችም፣ ከመሶብ አትገባም፣ የልጅ ብቻ ናት። እናቴ በሄደችበት ጠዋትም ጋግራልኝ ነበር። መኪናው ሲነሳ በሁለት እጄ ይዣት ስለነበር እጄን አወዛውዤ አልተሰናበትኳትም። አክስቴማ ከተረፈ ሊጥ እርሾዋን ታስቀምጣለች እንጂ እንጎቻ የሚባል ነገር አታውቅም። አንድ ቀን ለምኛት "ከነገ ወዲያ በምን ልናቦካ ነው?" ብላኝ ነበር፤ ሁለተኛ አልጠየቅኋትም።

እናቴ ከስምንት ዓመት በኋላ የተመለሰችው ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። እኔና አክስቴ መናኸሪያ ሄደን ከጠዋት ጀምሮ ጠበቅናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወልድያ የመጣው አውቶቡስ አቧራ ለብሶ ሲቆም፣ ከወረዱት ሴቶች የትኛዋ እናቴ እንደሆነች አላወቅሁም። አንዲት ፊቷ የቀላ፣ ሽቶ የምትሸት ሴት መጥታ አቀፈችኝና ትከሻዬ ላይ አለቀሰች። እኔ በትከሻዋ በላይ በላስቲክ የተጠቀለለውን ሻንጣዋን አያለሁ።

"እንኳን ደህና መጡ" አልኳት። እንግዳ እንደዚያ ነው የሚባለው።

አክስቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "እናትሽ እኮ ናት! ምን እርስዎ ትያታለሽ?"

"ተያት፣ ትለምደኛለች" አለች እናቴ።

ማታ ሻንጣው ተከፈተ። የኔ ድርሻ ከላይ ነበር፤ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ጂንስ ሱሪ፣ ነጭ ጫማ። ጫማውን ለመለካት ስቸኩል እግሬን ሳልታጠብ ነው የሰደድኩት። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ገፋሁት፣ ተረከዜ አልገባ አለ። ቀሚሱን በጭንቅላቴ ሳወርደው ብብቴ ላይ ተርረር አለና ተተረተረ። እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"እኩያሽ ናት ብዬ እኮ በእሷ ለክቼ ነው የገዛሁት" አለች።

"እሷ ማን ናት?"

"ያሳደግኋት ልጅ ናታ።"

እንዲህ ቀለል አድርጋ ነው ያለችው። ያሳደግኋት! እኔ በአክስቴ ቁጣና በማር ሳድግ፣ ያቺ ልጅ በእናቴ እጅ አድጋለች። አልበቃ ብሏት ደግሞ ልብሴ በሷ ልክ ተገዛ። ኩዌት የሚባለውን አገር ያኔ በካርታ ላይ ፈልጊ ብትሉኝ አላገኘውም ነበር፤ ያቺን ልጅ ግን ከዚያች ማታ ጀምሮ አወቅኋት። ቀጭን ናት፣ እግሯ ትንሽ ነው፣ ጸጉሯን እናቴ ትሠራላታለች።

ከሻንጣው ሥር፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ የዋፍል ማሽኑ ወጣ። ዛሬም አለኝ። ጥቁር ነው፤ እንደ መጽሐፍ ይከፈትና ይዘጋል፤ ውስጡ ከላይም ከታችም በትናንሽ አራት ማዕዘን ጉብጉቦች የተሞላ ነው። ያኔ እጀታው አልቀለጠም፣ በሽቦም አልታሰረም። የሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ እግሮች እኛ ግድግዳ ላይ የሚገቡበት ቀዳዳ ስላልነበረ፣ ለሁለት ቀን ቡፌው ላይ እንደ ጌጥ ተቀመጠ። ጎረቤት እየመጣ ይከፍተውና ይዘጋዋል። በኋላ አንድ የመብራት ሠራተኛ ገመዱን ቆርጦ በእኛ ሶኬት ተካው።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ እናቴ ሥራ ጀመረች። ወተቱን ለብ አደረገችው፤ የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋ ሙቀቱን ለካች፤ ስኳር ጨመረች፤ እርሾውን ነሰነሰችና ዝም ብላ ጠበቀች። አረፋ ሲሠራ "አየሽ፣ ነቃ" አለችኝ። ከዚያ የፉርኖ ዱቄት፣ ጨው፣ የቀለጠ ለጋ ቅቤ። እንደ ዳቦ ሊጥ አላሸችውም፤ በእንጨት ማንኪያ አማሰለችውና ጨርቅ ሸፍና ከአክስቴ የማር ቆርቆሮዎች አጠገብ አስቀመጠችው። ጠዋት ስንነሳ ሊጡ ጨርቁን ገፍቶ ቀና ብሏል፣ ላዩ በሙሉ ዓይን ዓይን ሆኗል። ሁለት እንቁላል ሰበረች፣ ነጩን ለብቻ በሹካ መትታ አረፋ አደረገችውና ቀስ ብላ ገለባበጠችው።

ጭልፋው ሲፈስስ ማሽኑ ጮኸ። ክዳኑን ስትዘጋው ከጎንና ከጎን እንፋሎት ተትጎለጎለ፤ ቅቤና ስኳር የተቀላቀለበት ጠረን ሰሙን አሸንፎ ቤቱን ያዘው። በጠዋቱ ፀሐይ እንፋሎቱ እስከ ጣሪያው ይታይ ነበር። እጄን ወደ ክዳኑ ስሰድ ያዘችኝ።

"እንፋሎቱ ሳያቆም እንዳትነኪው። ሲያቆም ያኔ በስሏል ማለት ነው።" ሳቅ አለች ደግሞ። "እሷ እኮ አይሆንላትም። ሁልጊዜ ቶሎ ትከፍተውና ለሁለት ይቀደዳል።"

እጄን ሰብስቤ ጭኔ ሥር ቀበርኩት። እንፋሎቱ እስኪያቆም ድረስ አልነካሁትም። እኔ እንደሷ አይደለሁም!

አክስቴ የመጀመሪያውን አንስታ ወደ ብርሃን አዞረችው። ማር ነጋዴ ናትና ያየችው የምታውቀውን ነው። "ይሄማ የማር እንጀራ ነው!" አለች። "ንቡ ግን ጠጥቶ ነው መሰል የሠራው፤ አራት ማዕዘን አደረገው።" ከዚያ ነጩን ማር አምጥታ በየጉድጓዱ ሞላችበት። እናቴ "እሷ ማር አትወድም፣ ቸኮሌት ነው የምትቀባው" አለች። አክስቴ "ማር የማይወድ ሰው ምን ዓይነት ነው?" ብላ አማተበች። ያን ቀን አክስቴን ከምንጊዜውም በላይ ወደድኳት።

ችግሩ መጣፈጡ ነበር። ውጩ ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ እንደ ጥጥ ይለሰልሳል፣ ማሩ ከጉድጓድ ጉድጓድ እየዘለለ ወደ ክንድ ይወርዳል። ሙሉ ሁለት በላሁ። እየበላሁ ግን ዓይኔ ከጎድጓዳው ሳህን ላይ አልተነሳም። ሥሩ ላይ ትንሽ ሊጥ ቀርቶ ነበር፤ እንጎቻ የሚሆን፣ ከዚያ የማይበልጥ። እናቴ በጣቷ ጠርጋ ከመጨረሻው ጭልፋ ጋር ደባለቀችውና ሙሉ አድርጋ ጋገረችው። ረስታዋለች አልኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ የያዝኩትን እሷ የትም ጥላዋለች።

ቢሆንም ዓርብ በመጣ ቁጥር ዋፍል አለ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፤ ስለዚህ ማንም ምንም አላለም። ሐሙስ ሊጡ ይቦካል፣ ዓርብ ጠዋት ይጋገራል፣ እኔ በማር የተጣበቀ ጣቴን እየላስኩ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። መብራት የጠፋ ዕለት እንኳ እናቴ ሊጡን በማንኪያ እየገፋች፣ "ይመጣል፣ ይመጣል" እያለች ትጠብቃለች። ጓደኞቼ ቁራሽ እንዳመጣላቸው ይለማመጡኛል። ዓርብ የኔ ቀን ነው ብዬ አመንኩ። እናቴ ለኔ ብላ የመረጠችው ቀን።

ወሬዋ ግን አሁንም ስለ ያቺ ልጅ ነው። እሷ ጸጉሯን ስትሠራ ታለቅሳለች። እሷ ጨለማ ትፈራለች። እሷ አማርኛ ትችላለች፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። አንዳንዴ ስታቆላምጠኝ "ሐቢብቲ" የሚል ቃል ያመልጣታል። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋት፤ የኔ ፍቅር ማለት ነው አለችኝ። ቃሉ ደስ ሊለኝ ጀምሮ ነበር። ሌላ ሰው ለብሶ የተወው ሰልባጅ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ደስታዬ ሁሉ ጠፋ። አክስቴን በአንቺ፣ እናቴን በእርስዎ እየጠራሁ ሰባት ሳምንት አለፈ።

በሰባተኛው ሳምንት ሃምሳው ወጣ። የሰኔው የሐዋርያት ጾም ገባ። አክስቴ ሙሉውን ያዘችው፤ እናቴና እኔ እንደ ብዙው ሰው ረቡዕና ዓርብን ብቻ። ረቡዕ ዕለት እናቴ ራሷ ሽሮ ሠርታ በዘጠኝ ሰዓት አቀረበችልን። ይህን ያዙልኝ፤ ረቡዕን አልረሳችም።

ዓርብ ጠዋት ከመኝታዬ የነቃሁት በሹካና በሳህን ድምፅ ነው። እናቴ ሊጡን ገልጣ፣ ማሽኑን ሰክታ፣ አንድ እንቁላል በእጇ ይዛለች። በዚያው ቅጽበት አክስቴ ከኪዳን ተመለሰች፤ ነጠላዋን ከራሷ ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

"አንቺ ሴት! ምን እያደረግሽ ነው? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው!"

"አዎ፣ ዓርብ..." አለች እናቴ። ከዚያ ገባት። እንቁላሉን እንደያዘች ቀረች። "ወይኔ ጉዴ። ሃምሳው ወጥቷል ለካ።"

"ረቡዕ ጾመሽ ዓርብን ትረሻለሽ?"

"እኔ አልረሳሁም እኮ፣ እጄ ነው" አለች። ሳቀች፣ ሳቋ መሀል ላይ ተቆረጠ። "እዚያ ዓርብ ትምህርት የለም። ዓርብ ጠዋት ዋፍሏን ካላገኘች አገር ይያዝልኝ ነው የምትል። ሐሙስ ሲመሽ እጄ ብቻውን ዱቄት ያነሳል።"

እኔ ከብርድ ልብሴ ሥር ሆኜ ሰማሁ። እነዚያ ሰባት ዓርቦች አንድ በአንድ ከእጄ ወጡ። የኔ አልነበሩም። እናቴ ሰቆጣ ተቀምጣ የያቺን ልጅ ዓርብ ነበር የምታከብረው፤ እኔ ከማዕዱ ዳር ተገኝቼ ነው የበላሁት። ረቡዕ የማንም ስላልሆነ አስታወሰችው። የጾም ቀን ያስረሳት ለዚያች ልጅ ያላት ፍቅር ነው፤ እኔ ወጥ ላይ ጨው መጨመር እንኳ አስረስቻት አላውቅም።

አክስቴ "እንቁላል ካልገባበት ለነገ ይቆያል፤ ሸፍኚውና ልጅቷ ነገ ትበላለች" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ለኔ ግን አልተዘጋም።

እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። እናቴ ለቅሶ ልትደርስ ሄዳለች፣ አክስቴ ገበያ ናት። ሊጡ ከማር ቆርቆሮዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ጨርቁን ገለጥኩት፤ ሌላ ጊዜ ከነበረው እጥፍ ሆኖ፣ አረፋውን እያፈነዳ፣ ወደ ጠርዙ ይወጣል። የማን ሊጥ እንደሆነ አውቄያለሁና ደስታው አናደደኝ። ሳህኑን አቅፌ ወደ ጓሮ ወጣሁና ከበለሱ አጥር ሥር ገለበጥኩት።

መሬት ላይም መንፋቱን አላቆመም። በሰኔ ፀሐይ እየሞቀ፣ ዓይን እያወጣ፣ ዓይኑን እየጨፈነ ይንፏቀቃል። ዶሮዎች ተሯሩጠው መጡ። ቆሜ ሳያቸው እናቴ ከኋላዬ ደረሰች። ሳህኑ አሁንም በእጄ ነው።

"ምን ሆንሽ ልጄ? ተደፋብሽ?"

ተደፋብኝ ማለት እችል ነበር። ይቅርታ የሚያስገኝ በር ራሷ ከፍታልኛለች። እኔ ግን አልገባሁበትም።

"ደፋሁት!" አልኳት። "ሂጂና ለልጅሽ ጋግሪላት! እዚያው ልጅሽ ጋ ሂጂ! ማን ነይ አለሽ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያልኳት ያኔ ነው። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። ሳህኑን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው፣ ወደ ውስጥ ገባች። ጥቂት ቆይቼ በበሩ ክፍተት ሳያት፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ከሳህኑ ጎን የተጣበቀውን ሊጥ በጣቷ ትጠርጋለች። ዙሪያውን ጠርጋ ጠርጋ አንድ እፍኝ የማይሞላ ነገር በስኒ ውስጥ ሰበሰበች። አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ጥቂት ወተት ጨመረችና ስኒውን በጨርቅ ሸፈነችው።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ሲጮህ ሰማሁ። ተነሳሁ። እናቴ ፊቷ አብጧል። እንፋሎቱ እስኪያቆም ጠበቀችና ክዳኑን ከፈተች። ከማሽኑ መሀል ላይ ብቻ፣ ጠርዙ የተንጋደደ፣ መዳፍ የምታህል አንዲት ዋፍል ነበረች። በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖረቻት፣ ማር ጠብ ጠብ አደረገችባት፣ ወደኔ ገፋቻት።

"እንኪ፣ እንጎቻሽ ናት።"

አልረሳችውም ነበር! ስምንት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ከፊቴ ተቀምጦ ይጤሳል። እዚህ ላይ ዘልዬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አንጀቴ ገና አልቀዘቀዘም፣ ትናንት ማታ ራት ሳልበላ ነው ያደርኩት።

"ጠግቤያለሁ" አልኩ።

"ትንሽ ቅመሽ።"

"ጠግቤያለሁ አልኩ እኮ።"

ወጥቼ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ጓደኛዬ ቤት ዋልኩ። ስለዚያች ትንሽ ዋፍል እያሰብኩ፣ ሆዴ እየጮኸ፣ የሰው ቤት ቆሎ ስቆረጥም ዋልኩ። ማታ ስመለስ ትበርዳለች እንጂ ትቆየኛለች ብዬ ነበር። የስኒው ማስቀመጫ ታጥቦ ተደፍቷል። ማን እንደበላት አልጠየቅሁም። አክስቴ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ በሰኔ ጾም ወተት የነካው ነገር አትቀምስም። ለዶሮዎቹ ሰጥታቸዋለች ብዬ ደመደምኩ፣ ደግሞም አኮረፍኩ።

ከዚያ ወዲያ እናቴ ያቺን ልጅ በፊቴ አንስታ አታውቅም። ሐቢብቲም ቀረ። ስልክ ሲደወልላት ወደ በለሱ አጥር ትሄዳለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በአማርኛና በአረብኛ እያቀላቀለች ታወራለች፤ ስትመለስ ፊቷ ላይ ምንም የለም። አሸነፍኩ አልኩ። እናቴ ለኔ ብላ ከምትወደው ነገር ግማሹን እንድትደብቅ ማድረግ ማሸነፍ ይመስለኝ ነበር። ዓርብም ዋፍል ቀረ፤ እሑድ ሆነ። ሁልጊዜ ሙሉ ሙሉ ትጋግራለች። ትንሿን ግን ዳግመኛ አልሠራችም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ደህና ነው የኖርነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ። አንቺ ማለቱ በቁጣ ቢጀምርም አፌ ላይ ቀረ። እናቴ ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፈተች። እኔ ለመምህርነት ተምሬ እዚሁ ሰቆጣ ተመደብኩ። አክስቴ አረጀች፣ ማሩን ተወች። የማሽኑ እጀታ የቀለጠው ሻይ ቤቱ ውስጥ ነው፣ በሽቦ ያሰረችውም እናቴ ናት። በመሀል፣ መንገድ የተዘጋበት፣ ስልክ የጠፋበት ክፉ ጊዜ መጣ፤ በዚያ ጊዜ ታመመች። ስልኩ ሲመለስ እሷ ብዙ ማውራት አቅቷት ነበር። ከሞተች ዘንድሮ ሁለት ዓመት ሆናት። ማሽኑና ስልኳ ለኔ ቀሩ።

ፋሲካ እንደዋለ ፎቶዎቿን ልገለብጥ ብዬ ያን ስልክ ቻርጅ አደረግሁት። እንደበራ መልእክት ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው። ከፈትኩት።

"እማ፣ እንደምን አለሽ? ብዙ ጊዜ ጠፋሽብኝ። ደህና ነሽ ወይ?"

አማርኛው ስብርብር ያለ ነው። አነጋገሩ ግን፣ ቃሉን የምትጎትትበት፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የምታደርግበት፣ የእናቴ ነው። የኛ አገር ነው። የሞተችው እናቴ ድምፅ ባዕድ አፍ ውስጥ ሆኖ እማ ይላል። ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። እኔ ስትመጣ እርስዎ ያልኳትን ሴት ያቺ ልጅ እማ ትላታለች! ሁለት ቀን አልመለስኩላትም። በሦስተኛው ቀን "ሞታለች። እኔ ልጇ ነኝ" ብዬ ድምፄን ላክሁ። "እኔ ልጇ" የሚለውን ጫን ብዬ ነው ያልኩት።

የመለሰችልኝ ልቅሶ ነው። ቃል የለውም፣ ልቅሶ ብቻ። ልዋሽላችሁ አልችልም፤ በልቅሶዋም ቀናሁ። ከኔ በላይ ልታለቅስላት!

በዚያው ሳምንት ዓርብ ፎቶ ላከች። ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ሳህን አለ፣ ዋፍል ተደራርቦበታል። ከሱ ራቅ ብሎ ትንሽ ሳህን አለ፤ ጠርዟ የተንጋደደ፣ መዳፍ የምታህል አንዲት ዋፍል ብቻዋን ተቀምጣበታለች። ከሥሩ ድምፅ አለ። እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም።

"ይቺ ያንቺ ናት። እማ ዓርብ ዓርብ ሊጡ ሲያልቅ ትንሿን ላንቺ ትጋግር ነበር። እኔ ስጪኝ ብዬ አለቅሳለሁ፣ አትሰጠኝም። 'ይቺ የልጄ ናት' ትላለች። ማንም እንዲነካት አትፈቅድም። ከዚያ ትቆማለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ራሷ ትበላታለች። ስትጨርስ 'ልጄ በላች' ትላለች። እኔ በጣም እቀናብሽ ነበር። አሁንም እሠራታለሁ፤ ግን ማን ይብላት?"

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያቺ ቅዳሜ መጣችብኝ፤ ታጥቦ የተደፋው የስኒ ማስቀመጫ። ዶሮዎቹ አልነበሩም። እኔ ሰው ቤት ቆሎ ስቆረጥም፣ እናቴ በገዛ ቤቷ፣ ልጇ ከመንደሩ ሳትወጣ፣ ኩዌት ታደርግ እንደነበረው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። ሰባቱን ዓርብ ለምን እንጎቻ እንዳልጋገረችም ያኔ ነው የገባኝ። ከፊቷ ተቀምጬ ሙሉውን እየበላሁ ትንሿን ምን ልታደርጋት? ሩቅ የሄድኩባት በዚያች ቅዳሜ ነው።

አሁን ሃምሳው ውስጥ ነን፤ ዓርብ አይጾምም። ባለፈው ሐሙስ ወተት ለብ አደረግሁ፣ እርሾውን ነሰነስኩ፣ ጨርቅ ሸፍኜ አሳደርኩት። ዓርብ ጠዋት ጋገርኩ። ሙሉ ሙሉዎቹን ለአክስቴ ወሰድኩላት፤ ጥርስ ባይኖራትም ማሩን ትመጠምጠዋለች፣ ስለ ሰካራሙ ንብ ዛሬም ትናገራለች። ተመልሼ ሳህኑን በጣቴ ጠረግሁ። አንድ እፍኝ የማይሞላ ሊጥ ማሽኑ መሀል ላይ አፈሰስኩ። እንፋሎቱ እስኪያቆም ጠበቅሁ።

ፎቶ አንስቼ ለያቺ ልጅ ልልክላት አሰብኩ። ስልኩን አንስቼ ሁሉ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። እሷ ስምንት ዓመት ዓርብ ዓርቡን ወስዳለች፤ አንድ ቀን እጽፍላታለሁ፣ ቅናቴም እንደሷ ቅናት እንደነበረ እነግራታለሁ። ይቺን ግን ለማንም አላሳይም። ማር ጠብ ጠብ አደረግሁባት። ቆምኩ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ስንኩሏን ጠርዝ ሳላስቀር በላኋት።

ልጇ በላች።